ሳንጣላ የታረቅንበት ጁምዓ

መርሳ ላይ አራተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ድምፄ ወፍራም ነው፤ የትምህርት ቤቱ ማይክራፎን በተበላሸ ቁጥር ርእሰ መምህሩ ሰልፍ ፊት የሚያቆመው እኔን ነው። ቁጡም ነኝ፣ አልደብቅም። ይህን ያስቀደምኩት ለጉራ አይደለም። እንዲህ ያለች ሴት አንዲት ዓረፍተ ነገር መናገር አቅቷት አራት ዓመት ዝም ማለቷን እንድታምኑኝ ነው።

ዓረፍተ ነገሯ ይህች ናት፦ ሽንቴ ያመልጠኛል።

የጀመረኝ አራተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ነው። ልጁ ከባድ ነበር፣ ምጡም ረዘም ያለ። የወሊድ ፈቃዴን ጨርሼ በተመለስኩበት ሳምንት ሰሌዳ ስጠርግ የጠመኔው ብናኝ አፍንጫዬ ገባና አስነጠሰኝ። ሞቅ ያለ ነገር በጭኔ ወረደ። ተማሪዎቹ በአንድ ድምፅ «ይማርሽ ቲቸር!» አሉ። ደወል እስኪደወል ፊቴን ሳላዞር የማካፈል ጥያቄ ስጽፍ ቆየሁ። አርባ ጥያቄ ሳልጽፍ አልቀርም።

ተቀምጬ ብውል፣ ተኝቼ ባድር ምንም የለም። ስስል፣ ሳስነጥስ፣ ጀሪካን ሳነሳ፣ ስስቅ ነው። ከዚያ በኋላ ከጥቁር ቀሚስ በስተቀር አልለብስም፣ የታጠፈ ጨርቅ ከቦርሳዬ አይጠፋም። የመርሳ ሙቀት አናቴን እያቃጠለው ውሃ መጠጣት ቀነስኩ፤ ትርፉ ራስ ምታት ሆነ፣ ሽንቴም ያቃጥለኝ ጀመር። ለየሶላቱ በውዱዕ መታጠብ ብቻ ሳይሆን ልብስም መቀየር ነበረብኝ። ሴቶች ለዱዓ ሲሰባሰቡ መሄድ ተውኩ። «ሥራ በዛብኝ» እላለሁ፤ እነሱም «አስተማሪ ሆና ኮራች» ይላሉ። ይበሉ አልኩ።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ግን መቀነቴ ነው። አራስ ሳለሁ እናቴ ሆዴን በመቀነት ጠምጥማ አስራኝ ነበር፤ በኛ አገር ወልዳ ሆዷን የማትታሰር ሴት የለችም። እኔ አራስነቴ ካለቀም በኋላ አልፈታሁትም። ወገቤ ላይ ጠበቅ ባደረግኩት ቁጥር ከታች የሚይዝልኝ ይመስለኝ ነበር፣ የጆንያ አፍ ሲታሰር እህሉ እንደማይፈስ። በባሰብኝ ቁጥር አንድ ዙር እጨምራለሁ፤ አንድ ዙር በጨመርኩ ቁጥር ይብስብኛል። አስተማሪ ነኝ እንግዲህ፤ ሁለቱን ማገናኘት አልቻልኩም።

የልጆቼ አባት የውሃ መሳቢያ ሞተር ጠጋኝ ነው። በሀብሩ ቆላ ሽንኩርትና ማንጎ በመስኖ የሚያለማ ሁሉ ሞተሩ ባንጠባጠበ ጊዜ ወደ ደጃችን ነው የሚያመጣው። የሰውን ሁሉ ማንጠባጠብ የሚያቆም ሰው ቤት ውስጥ ነው እንግዲህ እኔ የምደበቀው። ደግሞ ቀልደኛ ነው። ቀን የመጡበትን ደንበኞች ድምፃቸውን፣ አካሄዳቸውን፣ የሞተሩን ጩኸት ሳይቀር እያስመሰለ ሲነግረኝ በሳቄ አልጋው ይንቀጠቀጥ ነበር። ያገባሁትም ስለሚያስቀኝ ነው፤ መልኩን ብሎ ያገባው ሰው የለም።

ትንሹ ልጅ ሁለት ዓመት ሲሞላው ትራሴንና ብርድ ልብሴን ይዤ ልጆቹ ክፍል ገባሁ። «ልጁ ይባንናል» አልኩት። እሺ አለኝ። ልጁ መባነኑን ተወ፤ እኔ አልተመለስኩም። ሲቀልድ ፊቴን መቋጠር ለመድኩ። መጀመሪያ ላይ ቀልዱ ያልገባኝ መስሎት ደግሞ ይነግረኝ ነበር፤ በኋላ በኋላ ቀልዱንም ተወው።

ለምን አልነገርሽውም የሚለኝ ካለ፣ ሞክሬያለሁ። አንድ ቀን «የምነግርህ ነገር አለ» ብዬ ጀመርኩና የጣሪያው ቆርቆሮ እንደሚያፈስ ነገርኩት። አያፈስም ነበር። ሰውዬው መሰላል አቁሞ ወጥቶ ፈተሸው።

ወልድያ የሄድኩትም ለራሴ ብዬ አይደለም። እናቴ ግራና ነው የምትኖረው፤ ጉልበቷን አሟት መነሳትና መቀመጥ ሲከብዳት ሐኪም ፊዚዮቴራፒ አዘዘላትና እኔ ወሰድኳት። ክፍሉ ጠበብ ያለ ነው፤ አንድ አልጋ፣ ግድግዳ ላይ የተንጠለጠሉ ላስቲኮች፣ ጥግ ላይ አንድ ትልቅ ኳስ። ባለሙያዋ በዕድሜ ከእኔ የምታንስ የወልድያ ልጅ ናት፣ አንገቷ ላይ ማተብ አለ። እናቴን «እማማ፣ እግርዎን ቀስ አድርገው ይዘርጉ፤ እንዲያ ነው፤ ደግሞ ይሰብስቡት» እያለች ስታሠራት ቆየች። ሲያልቅ እናቴን ደግፌ ከአልጋው ላነሳት ስል መጣብኝ። እግሬን አጣምሬ ድርቅ አልኩ።

ልጅቷ አየችኝ። እናቴን ጫማዋን እንድታደርግ ወንበር ላይ አስቀመጠችና ወደ በሩ ወሰደችኝ። «እህቴ፣ ስታነሺ ነው የሚያመልጥሽ?»

«ምኑ?» አልኳት ተቆጥቼ።

«ሽንት።»

ቃሏን የተናገረችው የአንድ ዕቃ ስም የተጠየቀች ያህል ነው። በጥፊ ላጮላት ምንም አልቀረኝ። ቀጥሎ ደግሞ እንባዬ መጣ። «ቅዳሜ ጠዋት ብቻሽን ነይ። ብዙ ሴት ያለበት ነገር ነው፣ የሚሠራለትም ነገር አለ» አለችኝ። ከወልድያ መርሳ እስክመለስ ሚኒባሱ በነጠረ ቁጥር ያቺን ልጅ ስሰድባት መጣሁ። ቅዳሜ ግን በጠዋት ተነሳሁ።

መጀመሪያ ሽንቴን አስመረመረችኝ፤ ኢንፌክሽን የለበትም። ስንት እንደወለድኩ፣ መቼ መቼ እንደሚያመልጠኝ፣ ምን ያህል ውሃ እንደምጠጣ ጠየቀችኝ። አልጋው ላይ ልወጣ ስል መቀነቴ ታየ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«መቀነት ነዋ።»

«መቀነትነቱንማ አውቃለሁ። ማን ነው እንዲህ አድርገሽ እሰሪ ያለሽ?»

እኔው እንደሆንኩ ነገርኳት። ትፈታው ጀመር፤ ብትፈታው ብትፈታው አያልቅም። መጨረሻ ላይ ሆዴ ላይ የጨርቁ መስመር ታትሞ ቀርቷል። «ፌስታል ውስጥ ውሃ ሞልተሽ መሐሉን ስትጨብጪው ውሃው ወዴት ይሄዳል?» አለችኝ፣ ልክ እኔ ተማሪ እንደምጠይቀው አድርጋ። መልሱን አውቀዋለሁ። አራት ዓመት ሙሉ በገዛ እጄ ከላይ እየጨመቅኩ ወደ ታች ስገፋው ኖሬያለሁ።

«የጠፍር አልጋ ታውቂ የለ?» አለችኝ። «ከዳሌሽ ሥር እንደዚያ ያለ ጡንቻ አለ። ፊኛሽንም ማሕፀንሽንም የሚሸከመው እሱ ነው። ሲወለድ ይረግባል። ጠፍር ሲረግብ አይወጠርም? ይሄም ይወጠራል። የምትወጥሪው ግን አንቺ ነሽ፤ እኔ አሳይሻለሁ እንጂ አልወጥርልሽም።»

ፈቃዴን ጠይቃ ጓንት አጠለቀችና ጡንቻዬ እንዴት እንደሚሠራ ልትፈትሽ ጀመረች። «ፈስሽንም ሽንትሽንም እንደምትይዢው አድርገሽ ወደ ውስጥ፣ ወደ ላይ ሳቢ» አለችኝ። ባለ በሌለ ኃይሌ ታገልኩ።

«ወደ ታች ነው የገፋሽው።»

ደግሜ ሞከርኩ።

«እሱ ቂጥሽ ነው።»

በሦስተኛው ጥርሴን ነከስኩ፣ ትንፋሼንም ያዝኩ። «ኧረ ተንፍሺ፣ ሞተሽ ልታስከስሺኝ ነው?» ስትለኝ ሳቄ መጣ፤ እንዳያመልጠኝ ደንግጬ ሰበሰብኩት። «ይኸው! አሁን የያዝሽው እሱን ነው። እንዳትረሺው» አለችኝ። ያን ጡንቻ ለመጀመሪያ ጊዜ ያወቅኩት በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ፣ አራት ልጅ በዚያው መንገድ ካለፈ በኋላ ነው።

ከዚያ ሥራው መጣ። ስድስት እስክቆጥር ይዤ፣ ያንኑ ያህል ለቅቄ ማረፍ፤ አሥር ጊዜ። ቀጥሎ ቶሎ ቶሎ ያዝ ለቀቅ። በቀን ሦስቴ፣ መጀመሪያ ተኝቼ፣ ሲጠነክር ተቀምጬ፣ በኋላ ቆሜ። ውሃዬን በአግባቡ መጠጣት፣ ሳይመጣብኝ «ለማንኛውም» እያልኩ ሽንት ቤት አለመመላለስ። «ሦስት ወር ይፈልጋል። በሁለት ሳምንት አልዳንኩም ብለሽ እንዳትቀሪብኝ» አለችኝ። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ እንድመለስ ቀጠረችኝ።

ለካ ማንም የማያየው ስፖርት ነው። የመምህራን ስብሰባ ላይ ርእሰ መምህሩ ስለ ዕቅድ አፈጻጸም ሲያወራ እኔ አሥሬን እጨርሳለሁ። ከስብሰባ የተጠቀምኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። የከበደኝ ቀድሞ መያዙ ነው። ጀሪካን ከማንሳቴ በፊት፣ ሳል ከመምጣቱ በፊት ጡንቻውን መሰብሰብ አለብኝ፤ ሁልጊዜ የማስታውሰው ካመለጠኝ በኋላ ነው። ይህን ስነግራት ትንሽ አሰበችና «ጀሪካን ስታነሺ ዝም ብለሽ ነው የምታነሺው?» አለችኝ።

«ምን እላለሁ? ቢስሚላህ እላለኋ።»

«በቃ፣ ቢስሚላህ ስትይ ያዢ። የኔ እናት በስመ አብ ነው የምትል፤ ለሷም እንዲሁ ነው የነገርኳት።»

ከዚያ ወዲህ ረስቼ አላውቅም። ሸክም ሳነሳ ይህን ቃል ሳልል ያነሳሁበት ቀን የለማ።

ሙሉ በሙሉ ድኛለሁ ብዬ አልዋሽም። ዛሬም ጉንፋን ሲይዘኝ ጨርቅ እይዛለሁ። ግን ዘንድሮ ሰማያዊ ቀሚስ ገዝቻለሁ፣ ለዱዓም ከሴቶቹ ጋር እቀመጣለሁ። ይህ የሆነው በኋላ ነው። ልነግራችሁ የፈለግኩት ግን ሕክምናው ሁለተኛ ወሩን ሲያገባድድ ቤቴ ሊፈርስ የደረሰበትን ጁምዓ ነው።

ባሌን ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴን ላሳክም ወልድያ እሄዳለሁ ስለው ነበር የከረምኩት። የእናቴ ሕክምና ከመጀመሪያው ወር አላለፈም፤ ቤቷ ሆና እንድትሠራ ተነግሯት ነበር። እሱ ደግሞ ሞተር ሊጠግን ግራና ሄዶ አማቱን ሊጠይቅ ጎራ ይላል። «ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት፣ ቅዳሜ ወልድያ ደክሞዎት ይሆናል» ይላታል። እናቴ መዋሸት አትችልም። «ኧረ እኔ ወልድያ ከሄድኩ ወር አለፈኝ» አለችው። እሱ ይህን ሰምቶ መጣ፣ እኔን አልጠየቀኝም። ሳምንቱን ሙሉ ሞተሩን ሲፈታና ሲገጥም ሰነበተ።

ጁምዓ ከሶላት በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች አስከትሎ ገባ። በኛ አገር የተጣላን የሚያስታርቁ ሽማግሌዎች አበጋር ይባላሉ፤ እነሱ ደጅሽ ከመጡ ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው። ልጆቹን ጎረቤት ልኬ ምንጣፍ አነጠፍኩ። ጫታቸውን ይዘው ተቀመጡ፣ ዱዓ ተደረገ። አንጋፋው ነጭ ጥምጣም ያደረጉ፣ በቀበሌው ያላስታረቁት ቤት የለም የሚባሉ አዛውንት ናቸው። «ልጄ፣ ባልሽ ከፋኝ ብሎናል። እሱም ይናገር፣ አንቺም ትናገሪያለሽ። ሸይጧንን ከመሐል እናውጣው» አሉኝ።

ባሌ ተነስቶ ቆመ። ዓይኑ ምንጣፉ ላይ ነው። «ከኔ ከተለየች ሁለት ዓመቷ። ልጆቹ ጋ ነው የምትተኛ። ባወራ አትስቅም። የሞተር ዘይት ሸትቷት ይሆናል ብዬ ሳሙና ቀየርኩ። ሁለቴ ነው የምታጠብ አሁን። ወልድያ እናቴን ላሳክም ትለኛለች፣ እናቷ ግራና ቁጭ ብለዋል። ጠልታኝ ከሆነ፣ ሌላም ካለ፣ በአባቶች ፊት ትንገረኝ። አልጮህም። እለቃታለሁ።»

ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ እንዳልሸተው ስሸሽ፣ እሱ ሸተትኳት ብሎ ሁለቴ ሲታጠብ ኖሯል። ልናገር አልኩና እንደለመድኩት አንደበቴ ተያዘ። ዝምታዬን ሲያዩ ሁለተኛው ሽማግሌ ወደ ባሌ ዞሩ። «ሳታውቀው ያስከፋኻት አይጠፋም። ወንድ ነህ፣ አንተ ቅደም። አውፍታ ጠይቃት፣ ይቅር በይኝ በላት» አሉት።

ባሌ ጨነቀው። ጥፋቱን ስለማያውቀው እየፈለገ ይቆጥር ጀመር። «አፉ በይኝ። ያን ሰሞን ወጡ ጨው በዛበት ያልኩት... የእህትሽ ሰርግ ላይ ሞተር ይዤ የመጣሁት...» ላብ ግንባሩን ወርዷል። «በአዲሱ ፎጣሽ ፒስተን የጠረግኩት። ድመቷ ናት ያልኩሽ ውሸቴን ነው።»

ሳቄ መጣ። ሲመጣ ተሰማኝ፣ ቀድሜም ያዝኩ። አብዛኛውን ያዝኩት፤ ትንሽ አመለጠኝ። ሁለተኛው ሽማግሌ ተቆጡ። «ሽማግሌ ፊት፣ ባል አፉ በይኝ እያለ ይሳቃል? ይሄ ንቀት ነው! እንግዲህ ተነሱ፣ የማይሆን ነገር ነው» ብለው ጫማቸውን ፈለጉ። ባሌ ቀና ብሎ አየኝና ፊቱ ጠቆረ። እሱም የናቅኩት መስሎታል። ያን ጊዜ ንዴቴ ከእፍረቴ በለጠ።

«ተቀመጡልኝ አባቶቼ» አልኩ። ድምፄ ክፍል ውስጥ እንዳለሁ ነው የወጣው። «አልናቅኩትም፣ አልጠላሁትም፣ ሌላም የለኝም። ትንሹን ከወለድኩ ጀምሮ ሳስነጥስና ስስቅ ሽንቴ ያመልጠኛል። እሱ ደግሞ ያስቀኛል። ለዚህ ነው የሸሸሁት። ወልድያ ጡንቻውን የሚያጠነክር ስፖርት የምታሠራኝ ባለሙያ አለች። አሁንም ስስቅ ትንሽ አምልጦኛል፤ ካላመናችሁ ልነሳና ምንጣፉን እዩት።»

ሁለተኛው ሽማግሌ ጫማቸውን እንደያዙ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። ሦስተኛው «ላ ኢላሃ ኢለላህ» ብለው የያዙትን ጫት አስቀመጡ። ባሌ እንደቆመ ነው። «የኔ ሽታ አይደለም?» አለኝ በቀጭን ድምፅ።

«አይደለም» አልኩት። ተቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እኔም አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝ ይሁን አፍሬ አላውቅም፣ ሁለቱም ነበረ።

አንጋፋው «ስትስቂ ነው አልሽ?» አሉኝ።

«አዎ አባባ።»

«ውሃ ስትሸከሚም?»

«አዎ።»

«ሴቶች ለዱዓ ሲቀመጡም አብረሽ አትቀመጭም።»

ይህን አልነገርኳቸውም ነበር። «እንዴት አወቁ?» አልኳቸው።

ከዘራቸውን ምንጣፉ ላይ አጋደሙት። «የልጆቼ እናት እንዲሁ ነበረች። ስድስት ወልዳልኛለች። አምስተኛውን ከወለደች ወዲህ መሳቅ ተወች። ሰው ሲመጣ ጓዳ ትገባለች። መኝታዋን ለየች። ኮራችብኝ ብዬ ሌላ አገባሁባት። ለምን አላለችኝም። እኔም ምን ሆንሽ አላልኳት። አላህ ይማራት፣ ሞተች። እኔ የሰው ቤት ሳስታርቅ ነው የኖርኩ።»

አዛውንቱ የባሌን ጉልበት ነካ አድርገው «ቅዳሜ አብረሃት ሂድ፤ ብቻዋን እንዳትልካት» አሉት። «መርሀባ፣ እሺ» አለ ባሌ፣ እጁን ከፊቱ ሳያነሳ።

ለማሳረጊያው ዱዓ አዛውንቱ እጃቸውን ዘረጉ። እርቅ ሲያልቅ የባልና የሚስት ስም እየተጠራ ትዳሩ ይመረቃል፤ እኔም መዳፌን ዘርግቼ የስማችንን መጠራት ስጠብቅ ነበር። የጠሩት የሟች ሚስታቸውን ስም ነው። «አፉ በይኝ» አሏት፣ እኛ ሁላችን እየሰማን፣ ሦስት ጊዜ። አሚን ማለት ይገባን እንደሆነ ግራ ገብቶን ተያየን። ባሌ ቀድሞ አሚን አለ፣ እኛም ተከተልነው።